ዜግነት በትምህርት ነው፤ ከቲቤት ስደተኞች ምን እንማር?

(ለኢትዮጵያውያን ወላጆች ስብሰባ የቀረበ አጭር ንግግር)



የተጋበዝኩት ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት እንድናገር ነው። አስቀድሜ ግን አገራቸውን ስላጡ ሰዎች ትምህርት ቤት ላውጋችሁ።

ዳላይ ላማ ከቲቤት ተሰደው ሕንድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 1960፣ ሙሶሪ በተባለች የተራራ ከተማ የመጀመሪያው የስደተኞች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የተወካዮች ሸንጎ አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ ብዙው ስደተኛ ገና በየተራራው በመንገድ ሥራ ጉልበቱን እየሸጠ ነበር።

ልጆቹ የሕንድን ትምህርት ከቲቤት ቋንቋና ታሪክ ጋር እየተማሩ አደጉ። በስደት የተወለዱት አገራቸውን በዓይናቸው አላዩም፤ ብዙዎቹም የማንም አገር ፓስፖርት የላቸውም። ነገር ግን አረንጓዴ ደብተር የሚሉት አላቸው። በየዓመቱ የከፈሉት መዋጮ ይመዘገብበታል፤ መዋጮውን ያልከፈለ አይመርጥም።

ፍሬውም ታየ። በ2001 የአስተዳደራቸውን መሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጡ። በ2011 ዳላይ ላማ የፖለቲካ ሥልጣናቸውን ለተመረጠ መሪ አስረከቡ። የተመረጡት ሎብሳንግ ሳንጌይ በስደት ተወልደው በስደተኛ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። በ2016 በእሳቸው የተሸነፉት ፔንፓ ጸሪንግ ደግሞ በ2021 አሸንፈው ቦታውን ተረከቡ። በመካከሉ ንትርክ ነበር፤ ክስም ነበር። ክሱን ያየው ግን የራሳቸው የስደት ፍርድ ሸንጎ ነው። የተሸነፈውም ሌላ የስደት መንግሥት አላቋቋመም።

ወደ እኛ ልመለስ። እኛ አገር አልባ አይደለንም። ሆኖም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ በውጭ ያቋቋምናቸው ስንት ድርጅቶች ለሁለትና ለሦስት እንደተሰነጠቁ ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበርነት ያጣ ሰው በማግስቱ ሌላ ማኅበር ይመሠርታል። ሌላውን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም አኩርፌ ጥለው ከወጡት አንዱ ነኝ። ለልጆቻችን ፊደል እናስቆጥራለን፣ ሰንደቅ ዓላማ እናስይዛለን። መዋጮ መክፈልን፣ መምረጥን፣ ተሸንፎም አብሮ መቆየትን ግን ከእኛ አያዩም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ኮሚቴ በየዓመቱ በምስጢር ድምፅ ይመረጥ። ሒሳቡ በልጆቹ ፊት ይነበብ። የተሸነፈ ወላጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ወንበር ሲደረድር ልጆቹ ይዩት። አገር ያጡት ሰዎች ይህን ካስተማሩ፣ አገር ያለን እኛ ምን ምክንያት አለን?

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!