ፈላጊና ተፈላጊ ስለሚገናኙበት ሙያ
(ለመምህራን ጉባኤ የተሰጠ ንግግር)



ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ ሁለት ድካም አለበት። አንደኛው አስቦ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈው ነገር ለሚያስፈልገው ሰው እንዲደርስ ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን ድካም ትምህርት ቤቶች አጥብቀው ያስተምራሉ፤ ሁለተኛው ግን ለመጽሐፍ ሻጭና ለቤተ መጻሕፍት ጠባቂ የተተወ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ዘመን ነገሩ ተለውጧል። ሰው አንድ ነገር ማወቅ በፈለገ ጊዜ አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋው ወደ ስልኩ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቃል ይጽፋል፤ ከሚቀርብለት ረጅም ዝርዝርም ከላይ ያሉትን ጥቂቶች ብቻ ያነባል። ከዚያ በታች የቀረው፣ ምንም ያህል እውነተኛና የተደከመበት ቢሆን፣ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ከዚህ የተነሣ ጽሑፍን ተፈልጎ እንዲገኝ አድርጎ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛው አጠራር በአጭሩ ኤስ ኢ ኦ ይሉታል፤ በአማርኛ ድረ ገጽን ለፍለጋ ማዘጋጀት ሊባል ይችላል። ከርሱ ጋር አብሮ የሚሄደው ሙያ ጦማር መጻፍ፣ ማለት በራስ ድረ ገጽ ላይ በየጊዜው ጽሑፍ ማውጣት ነው። ይህ ንግግር ሁለቱን ሙያዎች በጎረቤት ከተማ በሐርጌሳ ምሳሌነት ይመረምራል። የሚያስረዳውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ይህ ሙያ በመሠረቱ ከመምህር ሙያ የማይለይ መሆኑን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐርጌሳ ለምን ተመረጠች ቢባል፣ የመጥፋትንና የመገኘትን ነገር በጉልህ የምታስረዳ ከተማ በመሆኗ ነው። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር ከተማይቱን በአውሮፕላንና በመድፍ ደብድቦ አብዛኛውን ክፍሏን አፈረሰ። በዚያ ጊዜ በ1943 የተቋቋመው የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች የተቀረጹትን ዘፈኖችና ተውኔቶች ከጥፋት ለማዳን መሬት ቆፍረው ቀበሯቸው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቅጂዎቹ ከመሬት ወጡ። ዛሬም በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰቡ ከ10,000 በላይ ካሴቶች ይገኛሉ። ነገር ግን ካሴቱን ከአፈር ማውጣት የማዳኑ ግማሽ ብቻ ነው። የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርእስና የተቀረጸበት ዘመን ካልተጻፈበት፣ ፈላጊው ከአሥር ሺህ ካሴት መካከል ለይቶ ሊያወጣው አይችልም። ስም የሌለው ካሴት በመደርደሪያ ላይ ሆኖም ገና እንደ ተቀበረ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኘው ላስ ጌል ነው። የስሙ ትርጓሜ የግመሎች ውሃ እንደ ማለት ሲሆን፣ በዚያ በድንጋይ ጥላ ሥር የተሣሉት የከብቶችና የሰዎች ሥዕሎች በሺህ የሚቆጠር ዘመን ያስቆጠሩ ናቸው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ስፍራውን ጥንቱንም ያውቁት ነበር። ዓለም የሰማው ግን በ2002 የፈረንሳይ የቅርስ ተመራማሪዎች ቡድን ሥዕሎቹን አይቶ ከጻፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ስፍራው የሚጻፈው ብዙ ጽሑፍ «በ2002 ተገኘ» እያለ ይጀምራል። አስቀድሞ ያወቀው ስላልጻፈ፣ በኋላ መጥቶ የጻፈው «አገኘ» ተባለ። ራሱ ስለ ራሱ ያልጻፈ ሕዝብ የገዛ አገሩን ወሬ ከእንግዳ አፍ ይሰማል።

አሁን የፍለጋው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው። ድር የተባለውን የገጾች ትስስር ቲም በርነርስ ሊ በ1989 አሰበው። ገጾቹ እየበዙ በሄዱ ጊዜ የሚፈልጓቸው ማሽኖች ተሠሩ፤ ከነዚህም ዋነኛው ጉግል በ1998 በላሪ ፔጅና በሰርጌይ ብሪን ተቋቋመ። የማሽኑ ሥራ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ ከገጽ ወደ ገጽ እየዞረ ያነባል፤ ቀጥሎ ያነበበውን በታላቅ መዝገብ ያሰፍራል፤ በመጨረሻም ሰው ሲጠይቀው ከመዝገቡ መርጦ የሚሻለውን ያስቀድማል። የሁለቱ መሥራቾች ታላቅ ሐሳብ አንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚመራበትን ሊንክ እንደ ምስክርነት መቁጠር ነበር። በሸንጎ የታወቀ ሽማግሌ ቃል ከመንገደኛ ቃል እንደሚመዝን ሁሉ፣ ብዙዎች የመሰከሩለት ገጽ የሚሰጠው ምስክርነት ከሌላው ይከብዳል። ዛሬ ማሽኑ ከዚህ ሌላ ብዙ ምልክቶችን ይመለከታል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

የባለሙያው ሥራ እንግዲህ ከዚህ ይነሣል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የድረ ገጽን ስም ግን የሚያወጣው ጸሐፊው ራሱ ስለ ሆነ ኀላፊነቱም የርሱ ነው። ርእሱ በውስጡ ያለውን ነገር በግልጽ መናገር አለበት። ጽሑፉም በንኡሳን ርእሶች መከፈል ይገባዋል፤ የብራና ጸሐፊዎች ርእሱንና የከበረውን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ የነበረው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን የአንባቢው ዐይን በቶሎ እንዲያገኘው ጭምር ነው። ማሽኑ ሥዕልን እንደ ሰው ስለማይረዳ፣ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ምን እንደ ሆነ በቃል ይጻፍ። ገጹም ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ስፍራ በስልክ ቶሎ እንዲከፈት ቀላል ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፈላጊው የሚናገርበትን ቃል ማወቅ ነው። በሐርጌሳ መድኃኒት ቤት ያለው ነጋዴ አንድ ወጣት ጦማሪ ገጽ እንዲሠራለት ቢቀጥር፣ ወጣቱ «ዘመናዊና ተወዳዳሪ የሌለው አገልግሎት» ብሎ ቢጽፍ ማን ይፈልገዋል? በዚህ ቃል የሚጠይቅ ሕመምተኛ የለም። ሕመምተኛው የሚጠይቀው ስለ መድኃኒቱ ስም፣ ሌሊት ክፍት ስለ መሆኑና ስለ ስፍራው ነው። በከተማዋ መካከል የ1988ቱ መከራ መታሰቢያ የሆነ የጦር አውሮፕላን ቆሟል፤ ቤቱ በዚያ አጠገብ ከሆነ ይህንኑ መጻፍ ይገባል። ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2009 ዛድ የሚባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ካወጣ ወዲህ በስልክ መክፈል በከተማዋ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በዚያ መክፈል የሚቻል መሆኑንም ማመልከት ነው። ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ የሚሄደው ነጋዴም፣ በለንደን የሚኖረው የከተማዋ ተወላጅም የሚጠይቁት እንዲህ ያለውን ነው።

ስፍራን በቃል መጻፍ በሐርጌሳ ከሌላው አገር ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በኢንተርኔት አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚቆሙት የአገር መለያዎች ከዓለም አቀፉ የአገሮች ዝርዝር የተወሰዱ ሁለት ሁለት ፊደላት ናቸው። ሶማሊላንድ በ1991 ራሷን ነጻ መንግሥት አድርጋ ብታውጅም፣ በዚያ ዝርዝር የራሷ መለያ የላትም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የገጹ አድራሻ ገጹ ከየት እንደ ሆነ አይናገርም፤ አድራሻው የማይናገረውን ጸሐፊው ራሱ መናገር ይኖርበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ነገር ነው፤ ይህም በተለይ መምህራንን ይመለከታል። ሶማልኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው በ1972 ነው። በዚያ ሥርዓት ኤክስ የተባለው ፊደል ለ«ሐ»፣ ሲ የተባለው ለ«ዐ» ድምፅ ተሰጠ። ስለዚህ አሕመድ የሚለውን ስም ሶማልኛ ጸሐፊ በኤክስ ሲጽፈው፣ እንግሊዝኛ የለመደው በኤች ይጽፈዋል፤ አብዲ የሚለውን አንዱ በሲ፣ ሌላው በኤ ይጀምረዋል። የከተማይቱ ስም እንኳ በሶማልኛ በዋይ፣ በእንግሊዝኛ በአይ ይጻፋል። ጸሐፊውና ፈላጊው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ከተማ እየተናገሩ በፊደል ምክንያት ሊተላለፉ ይችላሉ። ልባም ጦማሪ በሶማልኛ ሲጽፍ የቋንቋውን ትክክለኛ አጻጻፍ ይጠብቃል፤ በገጹ ውስጥም ሌላውን የታወቀ አጻጻፍ አንድ ጊዜ ያመለክታል።

የአማርኛ መምህር ይህን ሲሰማ የሌላ አገር ችግር ነው ብሎ ማለፍ አይገባውም። የዚችው ከተማ ስም በአማርኛ «ሐርጌሳ»፣ «ሀርጌሳ»፣ «ሃርጌሳ»፣ «ሐርጌሣ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለሰው ጆሮ አራቱ አንድ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሞክሼ ፊደላትን እንዲያዛምድ ካልተደረገ በቀር የሚያየው አራት ልዩ ልዩ ቃላትን ነው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ» እንዲሁ ናቸው። ስለ ፊደል ሥርዓት የሚደረገው የቆየ ክርክር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፣ አንድ ተማሪ የፈለገውን ጽሑፍ ሳያገኝ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ያስብ። የሐርጌሳ የባህል ማዕከል መሥራች የሆነው የሒሳብ ሊቅ ጃማ ሙሴ ጃማ የሶማልኛን ጽሑፎች በኮምፒዩተር ለምርምር እንዲመቹ አድርጎ ማሰባሰቡ፣ ቋንቋን ለማሽን ማስተማር የአገር ልጅ ሥራ መሆኑን ያሳያል።

ሙያው ነውርም አለበት፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። አንዳንዶች አንዱን ቃል ያለ ትርጉም ሃምሳ ጊዜ ይደጋግማሉ፤ አንዳንዶች የሌላውን ጽሑፍ ገልብጠው ስማቸውን ይጽፉበታል፤ ሌሎች ደግሞ ሊንክ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ይህም በሐሰት የሚመሰክር ሰው ከመቅጠር አይለይም። ጉግል ገጾችን ሲያስቀድም በስውር የሚጻፉትን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር እንደማይመለከት በ2009 አስታወቀ፤ በ2011 ፍሬ ቢስ ገጾችን፣ በ2012 በተንኮል የተሰበሰቡ ሊንኮችን የሚያዋርድ ለውጥ አደረገ፤ በ2024 ደግሞ ቦታ ለመሻማት ብቻ በጅምላ የሚመረቱ ገጾችን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሥራ ፈላጊ የሆነ ወጣት በዚህ ነውር ለጊዜው ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን የማሽኑ ደንብ በተለወጠ ቁጥር የቤቱ ምሰሶ ይወድቅበታል፤ ከዚህም የከፋው ስለ በሽታ ወይም ስለ ሕግ የሚጠይቀውን የዋህ ሰው ወደ ሐሰት መምራቱ ነው።

እውነተኛው ጦማሪ ሀብቱ በእጁ አጠገብ ያለው ዕውቀት ነው። ከሳናግ ተራሮች ዕጣን ይወጣል፤ ከበርበራ ወደብ ከብት ወደ ዐረብ አገር ይጫናል። የዕጣኑ ዛፍ እንዴት እንደሚቆሰል፣ ሙጫው እንዴት እንደሚደርቅ፣ ነጋዴው በምን ምልክት ደኅናውን ከተራው እንደሚለይ ከለቃሚው ጠይቆ በትክክል የሚጽፍ የሐርጌሳ ወጣት፣ በሩቅ አገር ተቀምጦ ከሰው ጽሑፍ የሚገለብጥ ሁሉ ሊወዳደረው አይችልም። ፍሬው ግን ባንድ ቀን አይታይም። ገጹ እስኪታወቅ ወራት ያልፋሉ፤ ከጦማር ብቻ እንጀራ የሚበላ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ሙያ በቶሎ መበልጸጊያ አድርጎ ለተማሪ መስበክ አይገባም። ከ2024 ጀምሮ ጉግል በብዙ አገሮች ከዝርዝሩ በላይ በማሽን የተቀናበረ አጭር መልስ ማቅረብ ስለ ጀመረ፣ ወደ ገጹ ሳይገባ መልሱን ብቻ አንብቦ የሚሄደው አንባቢ በዝቷል። ይሁን እንጂ ያ መልስ የሚቀናበረው ሰዎች ከጻፉት ነው፤ ያልተጻፈውን ማሽኑ ከየት ያመጣዋል?

ታዲያ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ድርሻ ምንድን ነው? አዲስ ሕንፃም ብዙ ኮምፒዩተርም ሳይጠበቅ የሚጀመር ሥራ አለ። በድርሰት ሰዓት ተማሪው ለአንድ ጽሑፍ ሦስት ርእስ ያውጣ፤ ጓደኞቹም ርእሱን ብቻ አይተው በውስጡ ያለውን ይናገሩ። ሳይጽፍ አስቀድሞ «ይህን የሚፈልግ ሰው በምን ቃል ይጠይቃል?» ብሎ አምስት ጥያቄ ይዘርዝር። ስለ ገዛ ቀበሌው ምንጭ፣ ገበያ ወይም ገዳም ሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ፤ የነገረውንም ሰው በፈቃዱ ስሙን ይጥቀስ። አንድ ቃል በጀመረበት ፊደል እስከ መጨረሻው ይጻፈው። እነዚህን አምስት ነገሮች የለመደ ተማሪ ነገ የፍለጋ ባለሙያ ቢሆን ሐቀኛ ባለሙያ ይሆናል፤ ባይሆንም ጥሩ ጸሐፊ ይሆናል።

ክቡራን መምህራን፤ ጥሩ መምህር ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ተማሪው የማያውቀው ምን እንደ ሆነና በምን ቃል ሊገባው እንደሚችል ያስባል። ነገሩን በስሙ ይጠራል፤ ያላየውን አየሁ አይልም። ፈላጊና ተፈላጊ የሚገናኙበት ሙያ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ሬዲዮ ሐርጌሳን ያገለገሉት ሰዎች ቅርሱን ቀብረው አዳኑት፤ የዛሬው ትውልድ ዕዳ ደግሞ ለዳነው ሁሉ ስም ሰጥቶ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ላስ ጌልን ያወቀው እረኛ የሚጽፍበት ትምህርት ቤት አልነበረውም። በዛሬው ክፍል የተቀመጠው ልጅ ግን መምህር አለው።