ጊዜን ስለ ማወቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤

ዛሬ የምንነግራችሁ በምዕራብ አርማጭሆ፥ በአብደራፊ ከተማ፥ ከደጃፋችን ቆመን ያየነውን ነው። ክረምቱ አልፎ መፀው ሲገባ ምድር መልኳን ትለውጣለች። ጭቃው ይደርቃል፤ ጥቁሩ መሬት ይሰነጠቃል፤ የሰሊጡ አበባ ረግፎ ፍሬው ይቋጠራል። ዋኖስ በኒሙ ጥላ ትቀመጣለች፤ ጭላት በገበያው ላይ ያንዣብባል፤ ግሪሳ ወፍም እንደ ደመና ተሰብስቦ ወደ ማሽላው ይወርዳል። ሽመላም የሰሜኑን ብርድ ሸሽታ፥ ግብጽንና ሱዳንን አቋርጣ ወደ አፍሪካ ቆላ ትወርዳለች።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ይህችን ወፍ ለሕዝቡ ተግሣጽ አደረጋት። ወፍ የመምጫዋን ወራት ሳትስት ሰው የአምላኩን ፍርድ መሳቱ አሳዘነው። እኛስ ጊዜያችንን እናውቃለንን?

የሰሊጡን ጊዜስ እናውቃለን። ቋጠሮው ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው ይረግፋልና፥ ገና ጥቂት አረንጓዴ ሳለ ታጭዶና ታስሮ፥ በሂላ ቆሞ እንዲደርቅ እናደርጋለን። አንዲት ቀን እንዳታልፈን እንተጋለን። ነገር ግን የሚያጭደው ማን ነው? እናቱን ተሰናብቶ ከደጋ የወረደ የሰው ልጅ አይደለምን? ዋኖስ ጎጆ አላት፤ እርሱ ግን በግራር ሥር፥ በተሰነጠቀው መሬት ላይ፥ ያለ አጎበር ያድራል። ካላዛርን የምታስተላልፈው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ መጠለያዋ ይኸው ስንጥቅና ይኸው የግራር ጫካ ነው። የወባ ትንኝም በዚህ ወራት ትበዛለች፤ እባብም በነዶው ሥር ይሸሸጋል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ የታከመ ግን ይድናል። እንግዲህ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ያለፈበትን፥ ሰውነቱ የከሳውንና ሆዱ የተነፋውን ሠራተኛ፥ ባለ እርሻው «አጨዳው ይለቅ» ብሎ ቢያቆየው፥ የሰሊጡን ጊዜ አወቀ እንጂ የወንድሙን ጊዜ አላወቀም።

እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። ወፎቹን እያደነቅን ስናልፍ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በትኩሳት የተኛውን ልጅ ሳናየው ያለፍንበት ቀን ነበረ። በማግሥቱ ስንመለስ ስፍራው ባዶ ነበር። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ልባችንን ይወቅሰዋል።

ልጆቻችን ሆይ፤ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን በነዚህ ቀኖች የምታስበው አበባውን ብቻ አይደለም፤ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ግብጽ መሰደዷን ነው። የአበባው ወራት የስደተኛው ወራት ነው። ለእመቤታችን ማኅሌት ቆሞ፥ እንግዳውን ሠራተኛ ከደጁ የሚያባርር ሰው ምን ይመልሳል?

ስለዚህ ለምትቀጥሩት ሰው አጎበር ስጡት፤ የታመመውን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 13 እንዳዘዘው፥ የሠራተኛው ምንዳ በእጃችሁ አይደር፤ በምዕራፍ 23 ቁጥር 22 እንዳዘዘውም፥ ከእርሻችሁ ቃርሚያ ለድኃና ለመጻተኛ ተዉለት። ሽመላዋ ወራቷ ሲደርስ ወደ አገሯ እንደምትመለስ፥ ያ ልጅም ደመወዙን ይዞ፥ በጤና ወደ እናቱ ይመለስ።

ጊዜያችንን የምናውቅበትን ልቡና እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።