«ጊቭ አፕ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ
በወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው፤ እርስዋም «ጊቭ አፕ» ናት። እንግሊዝኛ ላልተማሩ ወላጆቻችን ትርጉሙን እየፈታሁ እሄዳለሁ።

«ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ወደ ላይ መስጠት አይሆኑም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «እጅ ሰጠ» ስንል ማንም እጁን ቆርጦ አልሰጠም። የሚያስደንቀው፥ ወታደር ለጠላቱ እጁን ሲሰጥ እንግሊዞችም በዚሁ በ«ጊቭ አፕ» ይናገሩታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም በማርቆስ ወንጌል የጌታን ሞት የሚናገረው በዚሁ ግሥ ነው፤ እኛም «ነፍሱን ሰጠ» እንላለን።

ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ግን አንዱን ትርጉም ብቻ ነው፤ ተስፋ መቁረጥን። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። አንዲት ሴት የታመመች እናትዋን ለማስታመም ሥራዋን «ጊቭ አፕ» አደረገች የሚል ቢያነብ፥ በሥራዋ ተስፋ ቆረጠች ብሎ ይተረጕመዋል። እርስዋ ግን ስለ እናትዋ ስትል የምትወደውን ተወች እንጂ ተስፋ አልቆረጠችም። በአውቶቡስም ወጣቱ ለሽማግሌው መቀመጫውን «ጊቭ አፕ» ሲያደርግ፥ ለቀቀላቸው ማለት ነው። እንዲህ የሰው ደግነት እንደ ሽንፈት ሆኖ ሲነበብ፥ በፈተና ከሚጠፋው ነጥብ ይልቅ ያሳዝነኛል።

ደግሞም በብዙ ቤት የእንግሊዝኛ ወረቀት ለወላጅ የሚያነበው ልጅ ነው። ሐኪም ጨው «ጊቭ አፕ» ይደረግ ብሎ ቢጽፍ፥ ልጁም «ጊቭ»ን ብቻ አይቶ «ጨው ይሰጠው» ቢል፥ ጉዳቱ የአባት ነው።

አገባቡን በአጭሩ ልንገራችሁ። ማጨስን መተው «ጊቭ አፕ ስሞኪንግ» ነው እንጂ «ጊቭ አፕ ቱ ስሞክ» አይባልም። ተውላጠ ስም መካከል ይገባል፤ «ጊቭ ኢት አፕ»።

«ኦን» ስትጨመር ግን ተስፋ የሚቆረጠው በሌላ ሰው ላይ ይሆናል። አማርኛችን ይህን «በት» በምትለው ጭራ ይፈጽመዋል፤ «ተስፋ ቆረጠ»፥ «ተስፋ ቆረጠበት»። በዚህ ጊዜ ተውላጠ ስሙ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ «ጊቭ አፕ ኦን ሂም»። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ መምህሩ ስለ ደካማ ልጃችሁ «ጊቭ አፕ ኦን ሂም» አላደርግም ብሎ ከጻፈ፥ ካርዱን ይዛችሁ በደስታ ወደ ቤት ግቡ።