እጅና እግር እንዴት ይማራሉ?

(በዓለም ገና ለጎልማሶች የንባብ ክፍል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስፖርት ነው። «እኛ ገበሬዎች ከስፖርት ጋር ምን አለን? እሱ የልጆች ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ። ስለ ሩጫና ስለ ኳስ የምናገረው ነገር ስለ እርፍም፣ ስለ ምጣድም፣ አሁን በእጃችሁ ስለያዛችሁት እርሳስም የሚነግረን ብዙ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። የሰው አካል አዲስ ሥራ የሚማረው እንዴት ነው? አንዱ ቶሎ ሲለምድ ሌላው የሚዘገየውስ ለምንድን ነው? «ሲፈጥረው ነው» ብለን ብቻ እንለፈው? በርግጥ ተፈጥሮ ድርሻ አላት። ጉልበትና ቁመት፣ ሳንባና ልብ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ነገር ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍላጎት ነው፤ ይኸውም ሰው ሥራውን ሲወድና «እችላለሁ» ሲል ነው። ሁለተኛው ትኩረት ነው፤ ይኸውም በምንሠራበት ጊዜ ሐሳባችን የሚያርፍበት ቦታ ነው። እነዚህን ሁለቱን በየተራ እንመልከት።

1. የሚማረው አእምሮ ነው

እጅ ብቻውን አይማርም። የሚማረው አእምሮ ነው። ከአእምሮ ተነሥተው፣ በጀርባ አጥንት ውስጥ አልፈው ወደ ጡንቻ የሚሄዱ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ነርቭ ይባላሉ። አእምሮ በእነርሱ በኩል «ተሳብ፣ ላላ» እያለ ጡንቻን ያዛል። አንድ ሥራ በተደጋገመ ቁጥር በአእምሮ ውስጥ ያለው መንገድ ይጠነክራል። ብዙ ሰው የተመላለሰበት የእግር መንገድ ሣሩ ጠፍቶ ጎልቶ እንደሚታይ ማለት ነው።

ትምህርቱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰው እያንዳንዱን ነገር እያሰበ ይሠራል፤ ስሕተቱ ይበዛል፤ ቶሎም ይደክማል። ቀጥሎ ስሕተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ ሥራው ራሱን በራሱ የሚሠራ ይመስላል። እናት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ስታፈስስ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች። ወሬው አይቋረጥም፤ እንጀራውም አይበላሽም። ልጅቷ ግን በመጀመሪያው ቀን ትንፋሿን ይዛ ነው የምትጋግረው።

አካል አንዴ የለመደውን በቀላሉ አይተውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ደብተሩንም በግራ ክንዱ ያቅፍ ነበር። ከዓመታት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንዳቀፈ ሰው ጠበቅ ብሎ ይታይ ነበር። ደብተሩ የለም፤ ልማዱ ግን አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው በደንብ መልመድ ይበጃል።

2. ፍላጎት

በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። ኃይሌ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ድሉን በሬዲዮ ሰማ፤ እኔም ሯጭ እሆናለሁ አለ። በ1988 በአትላንታ፣ በ1993 መግቢያም በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ።

ደራርቱ ቱሉም በነሐሴ 1984 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ያደገችው በአርሲ በቆጂ ነው። ከዚያችው ትንሽ ከተማ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ተከተሉ። ደጋው፣ አየሩና የአሠልጣኞች ድካም ረድቷቸዋል። ነገር ግን አንድ ልጅ «ይቺ የእኛው ሰፈር ልጅ ናት፤ እርሷ ከቻለች እኔም እችላለሁ» ሲል እግሩ ሌላ ጉልበት ያገኛል።

ይህን ነገር ተመራማሪዎች ፈትነውታል። ሰዎች ዐይናቸው ሳያይ ዕቃ ወደ ዒላማ እንዲወረውሩ ተደረገ። ለአንዱ ቡድን ጥሩ የወረወሩትን፣ ለሌላው ቡድን የሳቱትን እየነገሩ አስተማሩ። በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ የተማሩት ጥሩ የወረወሩት የተነገራቸው ሆኑ። ለተማሪው የመምረጥ መብት መስጠትም ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ለምሳሌ በዱላ የሚመታውን ኳስ ቀለም እንኳ ራሱ ሲመርጥ መማሩ ተሻሽሎ ታየ። ይሁንና ቆይተው ብዙዎቹን ጥናቶች አሰባስበው የመረመሩ ሌሎች፣ የምርጫው ጥቅም በመጀመሪያ የተወራለትን ያህል አይደለም ብለዋል። እንግዲህ ፍላጎት ልምምድን አይተካም። ሰውን ወደ ልምምዱ ያመጣዋል፤ እዚያም ያቆየዋል።

3. ትኩረት

«ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ይባላል። ታዲያ ስንማር ልብ የት ይመልከት? እጁን? እግሩን? ወይስ ሥራውን?

ጋብሪኤለ ቩልፍ የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ ይህን ጥያቄ አነሣች። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ወዲያና ወዲህ በሚንሸራተት መሣሪያ ላይ ቆመው እንዲለማመዱ አደረገች። ለአንዱ ቡድን «እግራችሁን አስቡ» ተባለ። ለሌላው «ከእግራችሁ በታች ያሉትን ጎማዎች አስቡ» ተባለ። በእግርና በጎማ መካከል ያለው ርቀት ስንዝር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ጎማውን ያሰቡት ይበልጥ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ስፖርቶች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ወደዚሁ ያመለክታሉ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሰው እጁንና እግሩን በሐሳቡ አጥብቆ ሲቆጣጠር፣ አካል በራሱ ጊዜ የሚያስተካክለውን ሥራ ያደናቅፋል። ጡንቻው ከሚገባው በላይ ይጠብቃል፤ ጉልበትም ይባክናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን 24 የሠለጠኑ ሯጮች ተፈተኑ። አካባቢያቸውን እየተመለከቱ ሲሮጡ የወሰዱት ኦክስጅን፣ አሯሯጣቸውን ወይም አተነፋፈሳቸውን እያሰቡ በዚያው ፍጥነት ሲሮጡ ከወሰዱት አነስ ብሎ ተገኘ። ኦክስጅን ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ለሕይወት የሚያስፈልገን ክፍል ነው። አነስ ያለ ኦክስጅን መፍጀት ማለት በአንድ ጆንያ ገብስ ረዘም ላለ ጊዜ እንደ መቆየት ነው።

ይህን እናንተ ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ እርፍ ጨብጬ አላውቅም። አንድ አባት ልጁን ሲያርስ «እጅህን አትይ! ፊት ለፊት ተመልከት!» ሲለው ግን ሰምቻለሁ። ልጁ እጁን ሲያይ ትልሙ ይጣመማል፤ የማሳውን ጫፍ ሲያይ ይቃናል። በገና ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ጥንጓን ትቶ ክንዱን የሚያስብ ተጫዋች መሬት ይመታል።

የአበበ ቢቂላን ታሪክ ከዚህ ጋር እናያይዘው። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዐዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ አሸነፈ። ከውድድሩ በፊት መንገዱን ከአሠልጣኙ ጋር ተመልክቶ ነበር። ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ ጣሊያኖች ከአገራችን የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ሊጨምር ወሰነ፤ እንደ ወሰነውም አደረገ። ምልክቱ ከፊቱ ነበር። የልቡ ፍላጎትና የዐይኑ ትኩረት በአንድ ድንጋይ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል።

አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 በቶኪዮ ደግሞ አሸነፈ። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ገና ከወር ብዙም አላለፈውም ነበር።

4. ዕድሜ ይከለክላልን?

በመጋቢት 1961 አበበ በመኪና አደጋ ተጎዳ፤ እግሮቹም መንቀሳቀስ አቆሙ። የዓለምን ሕዝብ ያስደነቁ እግሮች ነበሩ። ታዲያ ምን አደረገ? በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 38 ዓመት ነበር። እግር ሲማር የኖረ አእምሮ ክንድን ማስተማር ጀመረ።

ስለዚህ «እጄ ደርቋል፤ እርሳስ ለሕፃን ነው» የምትሉ ወገኖቼ፣ እጃችሁ አልደረቀም። እርፍ የለመደ እጅ ጠንክሮ ነው እንጂ። በክፍላችን አንዳንድ ሰው እርሳሱን እንደ እርፍ ጨብጦ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ላብም ያጠምቀዋል። መፍትሔው ጣትን መቆጣት አይደለም። ዐይን በፊደሉ ቅርጽና በመስመሩ ላይ ይሁን። ጣት ፊደሉን ተከትሎ ይላላል። ፈጥኖ አይሆንም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

5. ስለ ልጆቻችን

በዙሪያችን በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በእንጦጦ ጠዋት ጠዋት ወጣቶች ሲሮጡ ይታያሉ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ ቀነኒሳም የመሮጫ ሜዳ ያሠራው እዚያ ነው። ከሚሮጡት ውስጥ ወደ ውጭ አገር ውድድር የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ሽልማት መመኘት ነውር አይደለም። ነገር ግን ሽልማትን ብቻ የሚያይ ልጅ አንድ ቀን ሲሸነፍ ሁሉን ይጥላል። ሩጫውን የወደደ ልጅ ግን ተሸንፎም በማግስቱ ይነሣል። ልጆቻችን ይሩጡ፤ ደብተራቸውን ግን እንደ ኃይሌ ይዘው ይሩጡ።

ልጅ አዲስ ሥራ ሲማር «እጀ ሰባራ፣ ደነዝ» አንበለው። እንዲህ ብናደርግ ይሻላል፤

ሀ. ያሳካውን አይተን እንንገረው። «አሁን ትልሙ ቀና» እንበለው።
ለ. ስሕተቱን ስናርም ስለ ሥራው እንንገረው። «ክንድህ ደካማ ነው» ከማለት «ኳሱን ወደዚያ ዛፍ ላከው» ማለት ይጠቅማል።
ሐ. ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ የመጫወቻና የመማሪያ ጊዜ ታግኝ። ደራርቱም የገበሬ ልጅ ነበረች።
መ. በአንድ ቀን ብዙ ከማድከም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እናለማምደው።



ለመወያያ
1. በመጀመሪያ ከባድ የነበረ፣ ዛሬ ግን ሳታስቡት የምትሠሩት ሥራ ምንድን ነው? ያስተማራችሁስ ማን ነው?
2. ሰውየው ሲያርስ ዐይኑ የት ይሁን? ለምን?
3. አበበ ቢቂላ ከአደጋው በኋላ ምን ተማረ? ከዚህ እኛ ምን እንማራለን?
4. ነገ ለልጃችሁ የምትነግሩትን አንድ ጥሩ ቃል በደብተራችሁ ጻፉ።