«እግዜር ይመስገን» ስንል
(ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተነበበ)



ደህና ናችሁ ወይ ስንባባል መልሳችን «እግዜር ይመስገን» ነው፤ እንቅልፍ ካጣን ወር ቢሞላንም። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በጊንጪ፣ ትልቅ ሰው አእምሮዬን ታመምኩ አይልም። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል ይላል እንጂ። ለሐኪምም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ይመለሳል። የአእምሮ ሕመምተኛ የምንለው ልብሱን የጣለውን፣ መንገድ ላይ ብቻውን የሚጮኸውን ነው።

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሰዎች የአእምሮ ሕመም ምልክት ብለው በብዛት የጠቀሱት ለፍላፊነትን፣ ጠበኛነትንና እንግዳ ጠባይን ነበር። ዝምታ እንግዲህ ከምን ይቆጠር?

እኛም ሳናውቅ አጥፍተናል። አንድ አባላችን ሦስት ወር ከስብሰባም ከቀብርም ቢቀሩ የቀሪ ቅጣት ጻፍንባቸው። ኰሩ አልን። ባለቤታቸው ቅጣቱን ሊከፍሉ ሲመጡ ነው «ከአልጋ አይነሱም፣ እህል አይቀምሱም፣ ትኩሳት ግን የላቸውም» ያሉን። ትኩሳት ስለሌላቸው እኛ ታመሙ አላልንም፤ እሳቸውም ታመምኩ አላሉም።

ጠበሉም ጸሎቱም ይቅር አንልም፤ ሆስፒታል ከመሄድ አያግድምና። የምንጠይቀው በደንባችን ይህ እንዲገባ ነው፦ ሦስት ጊዜ የቀረ አባል ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ይላክ። የተላኩትም «ደህና ነዎት?» ብለው ብቻ አይመለሱ፤ እንቅልፉስ፣ ምግቡስ እንዴት ነው ብለው ቁጭ ይበሉ።

የሳቸውን ቅጣት ገንዘብ ያዡ መልሰዋል።