ዱካ ማንበብ፦ በ1864 በዊመራ ስለ ጠፉት ሕፃናትና ስለ ፍለጋ ዕውቀት

(በማኅበራዊ ሳይንስ ፋኩልቲ የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



 የዛሬው ጉዳዬ የሚነሣው ከሩቅ አገር ነው። ከሰው መንደር በራቀ እርሻ ወይም የበግ እርባታ ላይ ሕፃን ልጅ ሲጠፋ ፍለጋው በምን ዓይነት ዕውቀት ይመራል? ያ ዕውቀትስ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የአውስትራሊያን ያህል ብዙ የተመዘገበ ታሪክ ያለው አገር ጥቂት ነው። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ፒተር ፒርስ በ1999 ባሳተሙት ጥናት አገሪቱን «የጠፉ ልጆች አገር» ብለው እስከ መሰየም ደርሰዋል። እኔ ከዚያ ሰፊ ታሪክ አንዱን ብቻ ይዤ እቆያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ኦገስት 12 ቀን 1864፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር። በቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ ዊመራ በሚባለው አገር፣ ጆን ደፍ የሚባል እረኛ በአንድ ሰፊ የበግ እርባታ ላይ ተቀጥሮ ከቤተሰቡ ጋር ይኖር ነበር። የዚያን ዕለት ሦስት ልጆች ለቤት መጥረጊያ የሚሆን ቁጥቋጦ ሊለቅሙ ወጡ። ትልቁ አይዛክ 9 ዓመቱ፣ ጄን 7 ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ፍራንክ ግን ገና 4 ዓመት አልሞላውም። መጥረጊያ የሚሆን ነገር መልቀም በማንኛውም የገጠር ቤት ለልጅ የሚታዘዝ ተራ ሥራ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ከብት ይዞ ጫካ ሲውል ላየ ያገራችን ሰው ደግሞ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ልጆቹ ግን በዚያ ምሽት አልተመለሱም።

የቦታውን ጠባይ ሳይረዱ የፍለጋውን ክብደት መረዳት አይቻልም። ያ አገር «ማሊ» በሚባል የባሕር ዛፍ ዓይነት የተሸፈነ ነው። እኛ ባሕር ዛፍ ስንል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን፣ በአንድ ግንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚመዘዘውን ዛፍ እናስባለን። ማሊ ግን ከአንድ ሥር ብዙ ቀጫጭን ግንድ የሚያወጣና ቁመቱ እምብዛም የማይረዝም ዛፍ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ አሸዋማ ነው፤ ወጥቶ አሻግሮ ለማየት የሚያስችል ተራራ፣ ተከትሎ ለመውረድ የሚያስችል ወንዝ እንደ ልብ አይገኝበትም። በየአቅጣጫው የሚታየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ኦገስት ደግሞ በደቡባዊው የምድር ክፍል ክረምት ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል።

አባትየው በዚያው ሌሊት ፍለጋ ወጣ። በማግስቱ የአካባቢው ሰዎች በፈረስ እየሆኑ ተቀላቀሉት። ለቀናት ተፈለገ፤ ዱካም ተገኘ። የልጆቹ ዱካ ግን አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሄዶ ሌላ ጊዜ ወደ ኋላ የሚመለስ፣ የሚጣመም፣ በራሱ ላይ የሚያልፍ ነበር። በመካከሉ ኃይለኛ ዝናብ ወረደና ዱካውን አጠበው። ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ ብዙዎቹ ፈላጊዎች ከእንግዲህ የምናገኘው ሬሳ ነው ብለው በቈረጡበት ሰዓት፣ ከአገሬው ሕዝብ ሦስት ዱካ ተከታዮች ተጠሩ። ከሦስቱ ዋነኛው ጁንጉንጂናኑኬ ይባላል፤ ነጮቹ «ዲክ ኤ ዲክ» እያሉ ይጠሩት ነበር። እነዚህ ሰዎች ሌሎቹ ጠፋ ያሉትን ዱካ አገኙት፤ ቅዳሜ ኦገስት 20 ቀንም ሦስቱን ልጆች በሕይወት አገኟቸው። ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ ጄን የራሷን ቀሚስ አውልቃ ትንሹን ወንድሟን ሸፍናዋለች። ስምንት ሌሊት በሜዳ አድረዋል። በዘመኑ እንደተገመተው የተጓዙት መንገድ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

እስከዚህ ያለው ታሪክ በአውስትራሊያ በብዙ አንደበት የተነገረ ነው። እኔ ማቆም የምፈልገው ዱካ ተከታዮቹ በሠሩት ሥራ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በልማድ «ተፈጥሯዊ ችሎታ» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ይህ አነጋገር ምስጋና ይመስላል፤ እንደ እኔ ግን ንጥቂያ ነው። ውሻ ያሸታል እንደ ማለት፣ ዕውቀቱን ከአእምሮ አውጥቶ ደመ ነፍስ ውስጥ ይከተዋል።

ዱካ ንባብ ነው። የተሰበረ ሣር ስብራቱ ላይ ያለው ቀለም ዛሬ ወይስ ትናንት መሰበሩን ይናገራል። ዝናብ የመታው የእግር አሻራና ከዝናብ በኋላ የተረገጠ አሻራ ጠርዛቸው አይመሳሰልም፤ ስለዚህ ዝናቡ ራሱ፣ አንዱን ዱካ ቢያጠፋም፣ ለሚያውቅበት ሰው የሰዓት ምልክት ይሆናል። ፀሐይ ገና ዝቅ ባለችበት በማለዳና በማታ ጥላ ስለሚረዝም አሻራ ጎልቶ ይታያል፤ በቀትር ግን ይጠፋል። ዋናው ነገር ደግሞ ከምልክት ወደ ሁኔታ መሻገር ነው። በዚህ ፍለጋ ዱካ ተከታዮቹ የትንሹ ልጅ እግር ከመሬት የጠፋበትን ስፍራ አይተው ልጁ እንደ ደከመና ከታላላቆቹ አንዱ እንዳዘለው ተረዱ። እስቲ አስቡት፦ ሦስት አሻራ ሁለት ሲሆን ያልሠለጠነ ፈላጊ አንድ ልጅ ሞቶ ቀርቷል ወይም ተለይቷል ብሎ ኃይሉን ከፍሎ ወደ ኋላ ሊልክ ይችላል። የቀሩት አሻራዎች ይበልጥ ጠልቀው መታተማቸውን ያየ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። አንድ ቀን ማትረፍ ማለት ይህ ነው፤ ስምንተኛውን ሌሊት ያደሩ ልጆች ብዙ ቀን አልቀራቸውም ነበር።

ይህን ከዛሬው የፍለጋ ሳይንስ ጋር ላገናኘው። የሳይንሱ የሒሳብ መሠረት የተጣለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በርናርድ ኩፕማን የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር ሰርጓጅ መርከብ አፈላለግን ሲያጠኑ ነበር። ሐሳቡ በኋላ ወደ የብስ መጥቶ ለጠፋ ሰው ፍለጋ ዋለ። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ የጠፋው በዚህ ቦታ የመኖሩ ዕድል ምን ያህል ነው? በዚህ ቦታ ቢኖርስ የእኛ ፍለጋ የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ብዙ ጊዜ ፈላጊዎች የሚዘነጉት ሁለተኛውን ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። ልጁ ከቤቱ አጠገብ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ የመኖሩን ዕድል ከመቶ 60 ብለን ገመትን እንበል። ቁጥቋጦውን አሰስን፤ እዚያ ቢኖር ኖሮ የማግኘት ዕድላችን ከመቶ 70 ነበር። ሳናገኘው ተመለስን። አሁን ልጁ እዚያው የመኖሩ ዕድል ዜሮ ሆነ? አልሆነም፤ ወደ 31 ከመቶ ወረደ እንጂ። «ያን ቦታ አይተነዋል» የሚለው ቃል በፍለጋ ውስጥ ብዙ ሕይወት የሚያስከፍል ቃል ነው። በሌላ በኩል ጊዜ በሄደ ቁጥር የሚፈለገው ስፋት የሚያድገው በርቀቱ ልክ አይደለም። ከቤቱ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ያለው ዙሪያ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ሲሰፋ 28 ይሆናል፤ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከ300 ያልፋል። ሰዎችን በ10 ሜትር ልዩነት ብናሰልፍ የ1 ኪሎ ሜትር ወርድ ለመሸፈን 100 ሰው ያስፈልጋል። ሄሊኮፕተሩም፣ ሙቀት የሚያነብበው ካሜራም፣ ድሮኑም የመጡት ይህን ስሌት ለማቅለል ነው፤ ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው። ዱካ የሚያነብብ ሰው ግን ስሌቱን ከነአካቴው ይለውጠዋል፤ ስፋቱን ትቶ መሥመር ይከተላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የልጁ ጠባይ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ኬስተር ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ የፍለጋ መዝገቦችን መርምሮ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ሕፃናትን በዕድሜ ከፋፍሎ ያያቸዋል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለው ልጅ መጥፋቱንም አያውቅም፤ እግሩ እንዳመራው ይሄድና ሲደክመው አንድ ጥግ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥላ ገብቶ ይተኛል። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለው መጥፋቱን ያውቃል፤ ወደሚያውቀው ቦታ ለመመለስም ይሞክራል። ሁለቱም ስማቸው ሲጠራ ላይመልሱ ይችላሉ። ከማያውቁት ሰው ጋር እንዳይነጋገሩ ተመክረው ይሆናል፤ ወይም ቁጣ ፈርተው ይደበቃሉ። ስለዚህ የሚጮኸው ፈላጊ ካጠገባቸው አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ መልስ አለመስማቱም ቦታው ባዶ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የደፍ ልጆች ከእነዚህ መደቦች በአንዱም በትክክል አይገቡም። ትንሹ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሩቅ ባልሄደ ነበር። ከታላላቆቹ ጋር በመሆኑ ግን የ9 ዓመት ልጅ ጉልበት ተጨመረለት፤ እየታዘለ ሄደ። ያዳነውም ይኸው አብሮነት ነው፤ ያራቀውም ይኸው ነው። የዱካውን መጠማዘዝም ዛሬ እናብራራዋለን። በጀርመን ቱቢንገን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ያን ሳውማንና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ ፀሐይ ወይም ሌላ የሩቅ ምልክት በማይታይበት ጊዜ ዐዋቂ ሰው እንኳ ቀጥ ብሎ የሄደ እየመሰለው በክብ እንደሚዞር አሳይቷል። በደመናማ የክረምት ቀን፣ ሁሉ ነገር አንድ ዓይነት በሆነበት ማሊ ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚጠብቅ ሰው ያጣዋል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደኝን ጥያቄ ላንሣ። ዱካ ተከታዮቹ ለምን በመጨረሻ ተጠሩ? የዊመራ መሬት የዎትጆባሉክ ሕዝብና የጎረቤቶቹ ርስት ነበር። በጎች ይዘው የመጡት ሰፋሪዎች መሬቱን ከያዙ በ1864 ገና አንድ ትውልድ ያህል ቢሆን ነው። አገሬው ሕዝብ በገዛ አገሩ የበግ ጠባቂና የቀን ሠራተኛ ሆኖ፣ በበሽታና በግፍ ቁጥሩ ተመናምኖ ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ሰዎች የፈለጉት መሬታቸውን የወሰደውን ማኅበረሰብ ልጆች ነው። አባትየውም ሆነ ጎረቤቶቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ ለማለት ማስረጃ የለኝም። ነገሩ ከዚያ የቀለለ፣ ስለዚህም የከፋ ይመስለኛል፦ የፈረሰኛው ብዛት «ፍለጋ» ሲባል፣ የዱካ ተከታዩ ዕውቀት ግን ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚሞከር ነገር ሆኖ ታየ። የራቼል ፐርኪንስ የ2001 ፊልም «ዋን ናይት ዘ ሙን» ይህንኑ ሐሳብ እስከ ጫፉ ይወስደዋል። በፊልሙ አባትየው አገሬው ዱካ ተከታይ መሬቱን እንዳይረግጥ ይከለክላል፤ ልጅቷም ሳትገኝ ትሞታለች። ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም መነሻው አሌክሳንደር ራይሊ የተባለው የኒው ሳውዝ ዌልስ ፖሊስ ዱካ ተከታይ ሕይወት ነው።

ብዛት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከዊመራው ፍለጋ ሦስት ዓመት በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል። በጁን መጨረሻ 1867 በዚያው በቪክቶሪያ፣ ዴይልስፎርድ በምትባል የወርቅ ማዕድን ከተማ፣ ሦስት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ጠፉ። ቦታው እንደ ዊመራ ጭር ያለ አልነበረም፤ ሕዝቡ ሥራውን አቁሞ በብዙ መቶ እየሆነ ወጣ። ልጆቹ የተገኙት በሴፕቴምበር፣ ውስጡ ባዶ በሆነ አንድ ትልቅ ዛፍ ውስጥ፣ ሞተው ነው። ቀደም ብዬ ትንሽ ልጅ ጥግ ገብቶ ይተኛል ያልኩት እንዲህ ያለውን ነው። በእርግጥ የሰውን ጥረት አልነቅፍም፤ ያ ሕዝብ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል።

የዊመራው ታሪክ በኋላ ምን ሆነ? ጄን ዝነኛ ሆነች። ታሪኳ በቪክቶሪያ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጽሐፍ ገብቶ ብዙ ትውልድ ተምሮታል። በስተርጅናዋ መቸገሯ ሲሰማ ተማሪዎች ሳንቲም አዋጥተው ረድተዋታል፤ በ1932 ስትሞት በሆርሻም መቃብር ላይ ሐውልት ቆሞላታል። ይገባታል፤ የ7 ዓመት ልጅ ሆና በብርድ ሌሊት ቀሚሷን ለወንድሟ ያለበሰች ናት። የሦስቱ ዱካ ተከታዮች ድርሻ ግን በእነዚያ ንባቦች ውስጥ ለረጅም ዘመን በታሪኩ መጨረሻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነበር።

ጁንጉንጂናኑኬ ራሱ ግን ከታሪክ አልጠፋም፤ የታወሰው በሌላ ነገር ነው። በ1868 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ 47 ግጥሚያ ባደረገው የአገሬው ተወላጆች የክሪኬት ቡድን ውስጥ ነበር፤ ቡድኑ ከአውስትራሊያ ወደ ውጭ ለጨዋታ ከተጓዙት የመጀመሪያው ነው። ከጨዋታው በኋላ ጠባብ ጋሻና ጫፉ የታጠፈ የጦር ዱላ ይዞ ይቆምና ተመልካቹ የሚወረውርበትን ኳስ በሙሉ ይመክት ነበር፤ ሕዝቡም ለዚህ ይከፍል ነበር። ያ ዱላ ዛሬ በለንደን፣ በሎርድስ የክሪኬት ሜዳ ሙዚየም ይገኛል።

 ስለ ዕድል ስሌቱም ሆነ ስለ ታሪኩ ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከገጠር መጥታችሁ ዱካ መከተልን በአካባቢያችሁ ያያችሁ ተማሪዎች፣ አሁን መድረኩ የእናንተ ነው።