ደንቡ ከባለቤቱ ጋር ሲለወጥ

 

ሕዝብ የመረጠው ባለሥልጣን ሐሰት ሲያሰራጭ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ሊያግደው ይገባልን? በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። በወቅቱ የጆርጂያ የምክር ቤት አባል የነበሩት ማርጆሪ ቴይለር ግሪን ስለ ኮቪድ የተሳሳተ መረጃ በተደጋጋሚ በማሰራጨታቸው፣ ትዊተር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የግል አካውንታቸውን ለዘለቄታው ዘጋ። ደንቡ አስቀድሞ የታወጀ ነበር፦ አምስት ጊዜ ያጠፋ ይታገዳል። የምክር ቤት አባልነት አካውንታቸው ግን አልተዘጋም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኢሎን መስክ ኩባንያውን ገዛ። በኖቬምበር የተዘጋው አካውንት ተከፈተ፤ ደንቡም በሥራ ላይ መዋሉ ቀረ። “ለዘለቄታው” የተባለው ቅጣት አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ሐሰቱ እውነት አልሆነም፤ የተለወጠው የኩባንያው ባለቤት ብቻ ነው።

እኛ ለሐሰት ጥብቅና አንቆምም። የባለሥልጣን ሐሰት ከተራ ሰው ሐሰት በላይ ይጎዳል፤ አድማጩ ብዙ ነውና። ነገር ግን በአንድ ባለሀብት ፈቃድ የሚዘጋው አፍ ነገ የእኛም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው! ሐሰተኛው ጽሑፍ ይነሳ። ቅጣቱ አስቀድሞ በታወቀ ደንብ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ይግባኝም ያለው ይሁን። ሹም ስለሆነ አይታለፍ፤ ተራ ሰው ስለሆነም አይረገጥ። ከወንበር የማውረዱ ሥልጣን ግን የኩባንያ ሳይሆን የመራጩ ሕዝብ ነው!